የውበቱ ትከሻና የወፍጮው ሞላ

ለሩቅም ለቅርብም ዘመድ ይነገር ዘንድ፦ የአቶ ውበቱ ላቀው ቀኝ ትከሻ ሰንበር አወጣ። ሰንበሩ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ነገር ግን ሽማግሌዎቻችን ቅምጥል ጎልማሳ ባዩ ቁጥር የሚወረውሯት አንዲት አባባል የተወለደችው ከዚሁ ሰንበር ነው።

ውበቱ የወንድሙን ልጅ ገዳሙን ሊድር ሽር ጉድ ላይ ነበር። የሙሽሪት አገር ደግሞ የቆየ ልማድ አለው። ከዳሱ ማዶ ካለው ዋርካ ላይ ሦስት ቅል ይሰቀላል፤ የሙሽራው ወገን ተኳሽ ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ ሦስቱንም መስበር አለበት። ከሰበረ ሙሽራው በዋናው በር በእልልታ ይገባል፤ ካልሰበረ በጓሮ፣ በከብቶቹ መግቢያ። በጓሮ የገባ ሙሽራ ልጅ ወልዶ ልጁን ለወግ ለማዕረግ ቢያበቃ እንኳ «በጓሮ የገባው» መባሉ አይቀርለትም።

ውበቱ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ነበረው፤ አንዴ ካቀባበሉት ወዲያ ቃታ በሳቡ ቁጥር ቀለሁን ራሱ የሚተፋ፣ ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚጎርስ ጠመንጃ። ዓይኑም ደህና ነበር። ችግሩ፣ ጠመንጃው ይራገጣል። ልምምድ በጀመረ በማግስቱ ሰንበሩን በመስታወት አየና ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ ወደ መካሻ ገሰገሰ። መካሻ የወፍጮ ቤት ሞተር ጠጋኝ ነው፤ «አይሆንም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«መካሻ፣ ይሄ ነገር እንደ በቅሎ ረገጠኝ። መላ በል።»

«ጋሼ ውበቱ፣ ይሄማ ሞላው ላልቶ ነው።» የጠመንጃውን ሆድ ከፍቶ አንድ ጥቅልል ሽቦ አሳየው፤ ተኩሱ ወደ ኋላ የሚወረውረውን ብረት ተቀብሎ መልሶ ወደ ፊት የሚገፋው እሱ ነው። «ምን ዓይነት ልግጠምልዎ? ለስላሳ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ከወፍጮው የወጣም አለ።»

«የወፍጮውን!»

«እሱ እንኳ የአገሩን እህል ሲያስፈጭ የኖረ ነው።»

«ታዲያ ለኔ ትከሻ ሊበዛ ነው? ከኋላው ደግሞ ላስቲክ ደርብበት።»

መካሻ ደረበ። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ፣ የበረባሶ ተረከዝ የሚያህል ላስቲክ። ውበቱ ለማቀባበል ጠመንጃውን በጉልበቱ ቆንጥጦ በሁለት እጁ ጎተተ። ላቡ ጠብ አለ፤ ደስም አለው። «ወንድ ማለት ይሄ ነው!» ብሎ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወደ ገደሉ አንድ ጥይት ለቀቀ። ትከሻው ምንም አላለም። ሁለተኛ መተኮስ ለምን ያስፈልጋል? የመጣው ለትከሻው ነው፤ ትከሻው ደህና ነው። ቤቱ ገባ፤ እስከ ሰርጉም ድረስ ልምምዱን ትቶ በቅቤ ሲታሽ ሰነበተ።

የሰርጉ ዕለት ጠመንጃውን እንደዚያው በጉልበቱ ቆንጥጦ አቀባበለና «ዘራፍ!» ብሎ ደገነ። የመጀመሪያው ቅል ብን አለ። የሙሽራው ወገን አቀለጠው። ውበቱ ወደ ሁለተኛው አነጣጥሮ ቃታውን ሳበ። ዝም። ደግሞ ሳበ። ዝም። ዓይኑን ዝቅ ቢያደርግ፣ ብረቱ ሞላው ከብዶት ግማሽ መንገድ ብቻ ሄዶ ተመልሷል፤ የተተኮሰው ቀለህ በጎን በኩል ጥርሱን አግጦ ተቀርቅሯል። ከትከሻው ሳያወርድ በአንድ እጁ ቢጎትት የወፍጮው ሞላ ንቅንቅ አላለም። የሙሽሪት ሚዜዎች ግጥም ለማውጣት አፍታም አልፈጀባቸውም፦

«ነብር መጣ ቢሉን ሸሸን ወደ ጓዳ፣
አንዴ አስነጠሰና ተኝቷል በሜዳ!»

ገዳሙን ካባው ውስጥ ላብ አጠመቀው። «አጎቴ፣ ምን አድርገውት ነው?»

«ምንም! ሞላውን ትንሽ... አስጠንክሬው ነው። ትከሻዬን እያመመኝ።»

ይህን ዳሱ በሙሉ ሰማ። የሙሽሪት አያት አባ ጎሹ ከመቀመጫቸው ተነሱና በአገጫቸው ወደ ጓሮው አመለከቱ። ሙሽራው የካባውን ጫፍ ሰብስቦ፣ እበት እየዘለለ፣ በጥጃ ታጅቦ ገባ።

ውበቱ ጠመንጃውን እንዳቀፈ ሽማግሌውን ተከተላቸው። «አባቴ፣ ዓይኔ እኮ አልሳተም! አንዱን ሰብሬያለሁ! ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው የሞላው? ያስረዱኝ እንጂ!»

«የማስረዳህ ነገር የለኝም» አሉ አባ ጎሹ፣ ዞረው እንኳ ሳያዩት፤ «ለትከሻው የሳሳ፣ ዱላ ይዞ ይነሳ።»