ፈታዮቹን የጠበቀው ሸማኔ

አንድ ሸማኔ ነበረ። «ሠራተኞቼ ቤታቸው ሆነው ሲሠሩ፣ ካላየኋቸው በምን ልመናቸው?» ብለህ ስትጠይቀኝ ወዲያው እሱ ትዝ አለኝ፣ ወንድም ጋሼ።

ሸማኔው ጥጡን ለአራት ሴቶች ያድላል፤ እነሱም በየቤታቸው ፈትለው ያመጡለታል። አንድ ጊዜ የሙሽራ ቀሚስ ታዘዘ። ለሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እኩለ ቀን ላይ በአንዷ ፈታይ ደጅ ሲያልፍ ልጇን ስታጥብ አያት። እንዝርቱ ጥግ ላይ ተጋድሟል።

«ጥጤ እንዲህ ነው የሚፈተለው?» አላት።

«ኧረ ጋሼ፣ ቀጭን ክር እኮ በማለዳ እርጥበት ነው የሚፈተለው። በዚህ ፀሐይ ይበጣጠሳል።»

«ምላስሽስ አይበጠስም!»

በማግስቱ አራቱንም ግቢው ሰበሰባቸው። በርጩማውን ፊት ለፊታቸው አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ አፈጠጠባቸው። ባየ ቁጥር እንዝርቱ ይሾራል! ደስ አለው። ሴቶቹም እንዝርት ከቆመ ስለሚጮህባቸው፣ ክሩ ወፈረም ሳሳም ዝም ብለው ያሾሩታል።

ሳምንት አለፈ። የሙሽራዋ እናት መጣች።

«ቀሚሱስ?»

«ፈታዮቼ ለአፍታ አላረፉም፣ እትዬ!» አለ በኩራት።

ሴትዮዋ አንዱን ክር ሳብ አደረገችው፤ ብጥስ አለ። ሌላም ሳበች፤ ብጥስ! ወደ መሸመኛው ጉድጓድ ዞረች። ቀድሞ የገባለት ደህና ክር እንኳ ሳይዘረጋ ተቀምጧል።

«እነሱስ አላረፉም። አንተን ማን ይጠብቅህ? ልጄ ራቁቷን ልትዳር ነው?»

ሸማኔው ያቺን የሰደባትን ፈታይ አዲስ ጥጥ አስታቀፋትና፣ «ውሰጂው፣ እህቴ። በየቤታችሁ እንዳወቃችሁ ፍተሉት፤ ብቻ ለሐሙስ ድረሱልኝ» አላት። እሱም ሮጦ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አራቱም እየተሽቀዳደሙ መጡ! ክሩን ቢስበው፣ ቢስበው፣ አልበጠስም አለ። መወርወሪያው ከእጅ እጅ በረረ። የሠርጉ ቀን ሙሽራዋ ቀሚሷን ለብሳ ስትወጣ እልልታው ሰፈሩን ሞላው፤ ከሁሉም በላይ የጮኹት አራቱ ፈታዮች ነበሩ።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ በየሰዓቱ እየደወልክ «ካሜራ ክፈቱ» የምትለው አንተም በርጩማ ላይ ተቀምጠሃል። የምታየው የእንዝርቱን መሾር ነው። ክሩን ሳበው እንጂ! ከጠነከረልህ፣ በስንት ሰዓት እንደተፈተለ ምን አስጨነቀህ? ይልቅ ተነስ፤ አንተ ብቻ የምትሠራው ሥራ ገና አልተጀመረም።