የተደፉት ጠጠሮች

አንድ ጭቃ ሹም ብቸኛ ልጁን ለመዳር ሽር ጉድ በሚልበት ወራት፣ ባገሩ የተቅማጥና የትውከት ወረርሽኝ ገባ። ገዥው ለየመንደሩ አንድ አንድ ቅል አደለና እንዲህ ሲል አዘዘ፦ «ለታመመ ሰው ሁሉ አንድ ጠጠር እየጨመራችሁ በየሳምንቱ ላኩልኝ። ጠጠር ወደበዛበት መንደር ሐኪሞቼን ከነመድኃኒታቸው እልካለሁ። በሽታው እስኪበርድ ግን ከዚያ መንደር የሚወጣም፣ ወደዚያ የሚገባም አይኖርም።»

ቆጠራው ለአዋላጇ ለእትዬ ደብሪቱ ተሰጠ፤ በመንደሩ ያልገባችበት ጓዳ የለምና። የጭቃ ሹሙን ልጅ የሻሽወርቅንም ስትወለድ የተቀበለቻት እሷው ነበረች። ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው፣ አሥራ አንድ ጠጠር የያዘውን ቅል አመጣችለት።

ጭቃ ሹሙ ደሙ ፈላ። ጠላው ተጠምቋል፣ ሰንጋው ተገዝቷል፣ አማቾቹም መንገድ ሊጀምሩ ነው።

«አንቺ ሴት፣ የመንደሩን ገመና አደባባይ ልታሰጪው ነው? ሠርጉ ይለፍና ትቆጥሪያለሽ!» ብሎ ጠጠሮቹን ደጁ ላይ ደፋቸው።

«ጭቃ ሹም፣ ጠጠሩን ደፉት እንጂ በሽታውን አልደፉትም» አለችው።

ባዶው ቅል ተላከ። ሐኪሞቹም መንደሩን አልፈው ስምንት ጠጠር ወደላከው ጎረቤት መንደር ሄዱ። ሠርጉ ደመቀ። በሽተኛ ሲያስታምም የሰነበተውም፣ ጤነኛውም ካንድ ጋን እየቀዳ ጠጣ።

በመልሱ ቀን ሙሽራይቱ በዚያው በሽታ ተይዛ ባባቷ ቤት ወደቀች። አባት በቅሎውን ጭኖ ወደ ጎረቤት መንደር ገሰገሰ፤ መግባት ክልክል ነውና ዋናውን ሐኪም ከመንደሩ ዳር አስጠራው።

«ከየትኛው መንደር መጡ?» አለው ዋናው ሐኪም።

ነገረው።

«ከእናንተ ዘንድማ የደረሰን ባዶ ቅል ነው። ደኅና ናቸው ብለን ድርሻችሁን ለሌሎች ሰጠነው። ዛሬ በእጃችን ምንም የለም።»

ሲመለስ ልቅሶው ከሩቅ ተቀበለው። እትዬ ደብሪቱ አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ ቀልቷል። ከደጁ አንዲት ጠጠር አንስታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ጭቃ ሹም፣ ይቺንስ ልቁጠራት ወይስ ይደፏታል?»

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ወደው አይደለም። ይህ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ልጁን የሚወድ አባት ነበር። ክፉ ወሬ ያመጣን ሰው አፍ ማስያዝ ግን ወሬውን ሐሰት አያደርገውም፤ መድኃኒቱን ብቻ ያስቀራል። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ እኛስ «ሠርጉ ይለፍ» እያልን በየደጃችን የደፋነው ጠጠር ስንት ይሆን?