የአያ ልየው ዘንግ

ሰንበሌጥ ሜዳ ላይ አንድ ጠንቃቃ ሰው ሲሞኝ ከታየ፣ አጠገቡ ያለው ስለ ዘንግና ስለ ደዋይ አንዲት ነገር ጣል አድርጎ ይስቃል። እኔ ለአገሩ እንግዳ ነበርኩና ዘንግና ስልክን ምን አገናኛቸው እያልኩ ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ከረምኩ። በመጨረሻ የነገሩኝ ራሳቸው ባለታሪኮቹ ናቸው፤ ከራሴ ጨምሬ እንደሆነ ጥቂት ነው።

የሰንበሌጥ ሜዳ ሽንኩርት የሚጠጣው ከወንዝ በተጠለፈ ቦይ ነው። ውሃው በተራ ይሄዳል፤ ተራውን የሚዳኘው ሰው የውሃ አባት ይባላል። ያን ጊዜ የውሃ አባቱ አያ ልየው ነበሩ። ዘንጋቸው የተተከለበት ማሳ የዕለቱ ባለተራ ነው፤ ዘንጉን ከእሳቸው በቀር የሚነካው የለም። ከተማ ስልክ የሚጠግነው ትልቁ ልጃቸው አላምረው እንኳ አንድ ቀን ላግዝ ብሎ ቢያነሣው፣ ከእጁ መንጭቀው ወሰዱበት።

"የውሃ አባት ስትሆን ትይዘዋለህ!" አሉት በሰው ፊት።

አላምረው አልተቀየመም። እንዲያውም አባቱ በየማሳው መዞር እንዲቀርላቸው ብሎ በእሳቸው ትእዛዝ ውሃውን ለሚለቁት ቦይ ከፋቾች የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተላቸው። ከዚያ ወዲያ አያ ልየው ጽፈው ከላኩ ዘንጉ እንደተተከለ ይቆጠር ጀመር።

አንድ ረቡዕ አንዲት የማያውቋት ሴት ደወለች።

"አባቴ፣ ለእኔ የተላከ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ተሳስቶ እርስዎ ስልክ ላይ ገብቷል። ስለ ማርያም ይንገሩኝ።"

አያ ልየው በማርያም ተለምነው እምቢ ብለው አያውቁም። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡላት፤ መርቀውም ሰደዷት። ከቁጥሩ ሥር ለማንም አይስጡ የሚል ጽሑፍ ነበር። እንግሊዝኛ ስለሆነ አለፉት።

ዓርብ ተራው የይታክቱ ነበር። ይታክቱ ባሏ የሞተባት፣ ያላትን ሁሉ አንድ መደብ ሽንኩርት ላይ ያፈሰሰች ሴት ናት። አያ ልየው ጎረቤት ቀበሌ ቀብር ሄደዋል። ጠዋት ከአያ ልየው ስም "የዛሬው ውሃ ወደ ላይ ማዶ ይለቀቅ፤ ይታክቱ ለማክሰኞ ትቆይ" የሚል መልእክት ለከፋቾቹ ደረሰ። እነሱም ታዘዙ። የይታክቱ ችግኝ በዚያ ፀሐይ ጠወለገ።

በማግስቱ ሰዉ ሁሉ ቦዩ አፍ ላይ ተሰበሰበ።

"አያ ልየው፣ እኔ ምን በደልኩዎ? ማክሰኞ ምን ይተርፈኛል?" አለች ይታክቱ እያለቀሰች።

"ማርያምን! አልጻፍኩም። ስልኬም ከኪሴ አልወጣ!"

"ስምዎ አለ፣ ፎቶዎ አለ!" አሉ ከፋቾቹ። ዘንጉን ያስረክቡ የሚል ጉርምርምታ ተነሣ። ሠላሳ ዓመት የታመኑ ሰው እንዲህ ሲዋረዱ ማየት ያማል።

ዳኝነቱን የያዙት አዛውንቱ አባ ጓንጉል ግን ነገሩ ከንክኗቸዋል። "እስቲ ቆዩ። ሰው ቀብር ላይ ሆኖ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ፣ በስሙ እንዴት ይጻፋል?" ብለው ነገሩን ሰምቶ ከከተማ ወደ መጣው አላምረው ዞሩ።

"አባ ጓንጉል፣ መልእክቱ የሚኖረው ስልኩ ውስጥ አይደለም" አለ አላምረው። "ሩቅ አገር ያለ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። ወንዙ እሱ ነው በሉት። የአባቴ ስልክ ከወንዙ የወጣ አንድ ቦይ ነው። ሌላ ሰውም ቁልፉን ካገኘ በአባቴ ስም ሌላ ቦይ ያወጣል።"

"ቁልፉ ምንድን ነው?"

"ስልክ ላይ የሚላክ አምስት ቁጥር" አለና ወደ አባቱ ዞረ። "አባ፣ ሰሞኑን ቁጥር የጠየቀዎት አለ?"

"ረቡዕ አንዲት ሴት ደውላ በማርያም ለመነችኝ" አሉ አያ ልየው ቀስ ብለው።

"ሁለተኛው ቦይ ይታያል?" አሉ አባ ጓንጉል አንገታቸውን አስግገው። አላምረው ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ አሳያቸው። በአያ ልየው ስም ሁለት ስልክ ገብቷል። "ድፈነው!" አሉ። በአንድ ንክኪ ደፈነው።

"አሁን ደግሞ የይለፍ ቃል እንጨምርበታለን" አለ ለአባቱ። "እሱን እኔም ብሆን ብጠይቅዎ አይንገሩኝ።"

ይታክቱ ለይለፍ ቃሉ ግድ አልነበራትም። "የደወለችው ሴት ቁጥር የለም?" ብላ የአያ ልየውን ስልክ ተቀበለችና ደወለች።

ውሃው ከተለቀቀላቸው ከላይ ማዶ ሰዎች መካከል፣ ድረስ ከሚባል ገበሬ ኮት ኪስ፣ አንድ ስልክ ጮኸ። በራሱ ስልክ ሚስቱን ያስደወለ እሱ ነበር፤ ቲማቲሙ ውሃ አጥቶ ደርቆበት ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው አንገቱን ደፋ።

አባ ጓንጉል ጊዜ አላጠፉም። የድረስን ሁለት ተራ ለይታክቱ ፈረዱላት፤ ውሃውም እዚያው ወደ ማሳዋ ተመለሰ። ከዚያ ሁሉም የሚጠብቀው ስለ ዘንጉ ነበር። አያ ልየው ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሡና ዘንጉን ለአላምረው ዘረጉለት።

አባ ጓንጉል ይህን ሲያዩ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ እንዲህም አሉ፦ "አይ ልየው! ዘንጉን ከልጁ ነጥቆ፣ ቁልፉን ለደዋይ ለቆ።"