ያልወደቀው ችካል

አንድ ጊዜ በበጋ የጫካው ምንጮች ሁሉ ደርቀው አንድ ኩሬ ብቻ ቀረ። ጅቦች ቀበሮን አማካሪ አድርገው ኩሬውን ያዙት። ሌሎቹ እንስሳት ለአንበሳ አቤት አሉ።

አንበሳም «ደም ሳይፈስ ክሪኬት በሚባለው የኳስ ጨዋታ ይለይላችሁ» ብሎ ፈረደ። «ጅቦች ኳስ ይወረውራሉ፤ እናንተ በየተራ በዱላ እየመከታችሁ ከኋላችሁ የተተከለውን ችካል ትጠብቃላችሁ። ችካሉ የተመታበት ወይም የመታው ኳስ አየር ላይ የተቀለበበት ይወጣል። ሁላችሁም ወጥታችሁ ሳታልቁ ፀሐይ ከጠለቀች ኩሬው የጋራ ነው፤ ካልሆነ የጅቦች ነው።»

ሚዳቋ ኳሱን ወደ ሰማይ ላከችው፤ ቀበሮ ቀለበችው። ጦጣ እየጨፈረች ስትሰነዝር ችካሉ ከኋላዋ ተነቀለ። አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ፣ ገና በጠራራው ፀሐይ አህዪትና ጅግራ ብቻ ቀሩ።

የአህዪት ውርንጭላ ዛፍ ሥር ተኝቶ ደረቅ ከንፈሩን ይልሳል። ኩሬው ከተከለከለ፣ ከጫካው ውጭ እስካለው ሩቅ ወንዝ ድረስ መሄድ እንደማይችል እናቱ ታውቃለች።

«እመት አህያ፣ ለመሆኑ ዱላ ታውቂያለሽ?» ብሎ ኳሱን የያዘው አያ ጅቦ ሳቀባት።

«ሲያርፍብኝ አውቀዋለሁ፤ ስይዘው ግን የመጀመሪያዬ ነው» አለችና ዱላውን በጥርሷ ነከሰች።

ተራዋን ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ የምትጠብቀው ጅግራ ጮኸች፦ «አይዞሽ እታለም! ኳሱን እኔ አይልሻለሁ። ለመምታት አትቸኩዪ፤ ተዪው ስልሽ ተዪው፣ መክቺ ስልሽ መክቺ!»

ኳሱ መጣ። «ተዪው!» አለፈ። ሌላ መጣ። «መክቺ!» ጧ ብሎ እግሯ ሥር ወደቀ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥላው ረዘመ።

«ኧረ አንዴ እንኳ ምቺው፣ አንቺ ፈሪ!» እያለች ቀበሮ ነቆረቻት። አህዪት ጆሮዋን ጣል አድርጋ ቀጣዩን ኳስ ጠበቀች።

የአያ ጅቦ ምላስ ተንጠለጠለ። ቀበሮ ጠጋ ብላ «ደክመዋል፣ አያ ጅቦ፤ ኳሱን ለሌሎቹም ያካፍሉ» አለችው።

«አላካፍልም! ችካሉን የምጥለው እኔ፣ መጀመሪያ የምጠጣውም እኔ!»

«እንግዲያው ከፍ አድርገው ቀስ ብለው ይጣሉላት። ያጓጓታል፤ ስትመታው እቀልባለሁ።»

ፀሐይ ተራራውን ስትነካ ኳሱ እየተንሳፈፈ መጣ። አህዪት እንዲህ ያለ ቀላል ኳስ ቀኑን ሙሉ አላየችም። አንገቷን ወደ ኋላ ሳበች፤ ልትሰነዝር ነው!

«ተዪው፣ እታለም!»

ዱላዋን ገታችው። ኳሱ ከችካሉ በላይ አልፎ ሣር ውስጥ ገባ። ፀሐይም ጠለቀች።

እንስሳቱ እልል እያሉ ወደ ኩሬው ሮጡ፤ ውርንጭላውም አፉን እስከ አፍንጫው ውኃ ውስጥ ነከረ። አህዪት ግን በጅግራ ፊት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ቆመች።

«እታለም፣ ልጄን አተረፍሽልኝ። እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት።

«አንቺ ባትቆሚ የእኔ ጩኸት ምን ያደርግ ነበር? እኔም አመሰግንሻለሁ። በይ አሁን አብረን እንጠጣ» አለች ጅግራ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ጠጡ፤ በድካም የሚንገዳገደው አያ ጅቦ ሲመጣም ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

ከዚህ የምንማረው፣ መከራ ሲበረታ ሳይቸኩሉ መጽናት እንደሚያሻግር፣ ከተሻገሩ በኋላም አብሮ የቆመውን ማመስገን እንደሚገባ ነው።