እርጥቡ ኖታና የኡመር አህያ

ተረት ላምጣ? «አምጣ» ካላችሁኝማ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ደግፌ የሚባል ጥሩምባ ነፊ ነበረ። የከተማዋን ማርሽ ባንድ ኖታ የሚጠብቀውም እሱ ነው። አንድ ቀን ጎርፍ የባንዱን ክፍል ሰብሮ ገባ። ሟቹ የባንዱ መሪ በእጃቸው የጻፉት፣ ሌላ ቅጂ የሌለው የማርሽ ኖታ ሊጥ መስሎ ተጣብቆ ወጣ። ደግፌ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀለሙ ሳይፈስ በየገጹ መሃል ገብቶ እርጥበቱን የሚመጥ ደረቅ አቡጀዲ።

ወደ ጨርቅ ነጋዴዋ ሮጠ።

«እትዬ አሰገደች፣ አቡጀዲ!»

«አቡጀዲውማ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ደረቅ ነው። በሩን ግን ጭቃ ይዞታል። አካፋ አምጣና ግባ።»

በሩ አልከፈት አለ፣ አቡጀዲው አልወጣ አለ፣ ኖታው አልደርቅ አለ።

ወደ ግንበኛው ኡመር ሮጠ። ኡመር ቦይ ውስጥ የገባውን አህያውን እንዲነሣ ይለምናል።

«ኡመር፣ አካፋ!»

«አካፋውማ ይኸው፣ አህያው ተኝቶበታል! ገመድ ካገኙ ስበን እናስነሣዋለን ጋሼ።»

አህያው አልነሣ አለ፣ አካፋው አልመዘዝ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ አቡጀዲው አልወጣ አለ፣ ኖታው አልደርቅ አለ።

ወደ ጎረቤቱ ወደ ወይንሸት ሮጠ። ግቢዋ ውስጥ ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ደግፌ አፉን ሲከፍት የመጣበት ጠፋው።

«ወይንሸት፣ አህያ! አይ፣ በር! ቆይ... ምን ነበር የፈለግሁት?»

«እኔን ይጠይቁኛል እንዴ?»

ዞር ዞር ብሎ አየ። «ገመድ! ገመድ ነው!»

«ገመዱን ይውሰዱ፤ ግን በዚያ ጭቃ እጅዎ ልብሴን እንዳይነኩብኝ። እኔ እንዳላነሣው ይህ ልጅ ነጎድጓዱን ከሰማ ወዲህ እያለቀሰ ከጉያዬ አልወርድ ብሎኛል።»

ልጁ አልወርድ አለ፣ ልብሱ አልሰበሰብ አለ፣ ገመዱ አልፈታ አለ፣ አህያው አልነሣ አለ፣ አካፋው አልመዘዝ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ አቡጀዲው አልወጣ አለ፣ ኖታው አልደርቅ አለ። ደግፌም ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገባው።

ግራ ሲገባው ከንፈሩን አሹሎ፣ ያለ ጥሩምባ፣ «ፕፕ ፓፓ ፕፕ» አለ። ልጁ ልቅሶውን ዋጠ። ያ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ሊያይ ከእናቱ ጉያ ተንሸራተተ።

ልጁ ወረደ፣ ልብሱ ተሰበሰበ፣ ገመዱ ተፈታ፣ አህያው ተነሣ፣ አካፋው ተመዘዘ፣ በሩ ተከፈተ፣ አቡጀዲው ወጣ፣ ኖታውም ውሎ አድሮ ደረቀ።

ደረቀ እንጂ አልጠራም። ባንዱ ሲሰበሰብ ክላርኔት ነፊዋ ጸዳለ ወረቀቱን አቅርባ አየች፤ አርቃም አየች።

«ጋሽ ደግፌ፣ ይህ ጥቁር ነጥብ ኖታ ነው ወይስ ጭቃ?»

ደግፌ አገላብጦ አየው። «እኔ እንጃ። እስቲ ንፊው።»

ነፋችው። ሁሉም አደመጡ።

«ኖታ ነው» አለ ደግፌ። «ቀጥዪ፣ ቀጣዩንም እንስማው።»