የሁለት ቤት ቆጣሪ

ስሟ ባይጠቀስ በማይከፋት አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ከመስጊዱ ጓሮ፣ ሐጂ ኑርዬ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። አላህ ይዘንላቸውና፣ ለሰው ሐቅ የሚጠነቀቁ አባት ነበሩ። አንዲት ድክመት ግን አላጣቸውም። ዐሥራ አንድ ነፍስ በሚኖርበት ቤታቸው የውሃ ቢላቸው ትንሽ መሆኑን መስጊድ ለሚሰበሰበው ጀመዓ ማውራት ይወዱ ነበር። «ኢስራፍ፣ ብክነት የሚባል ነገር እኔ ቤት አይገባም» ይላሉ።

ግንብ የሚጋሯቸው ጎረቤት ወይዘሮ ሸምሲያ ባላቸው ሞተውባቸው ከልጃቸውና ከምራታቸው ከረውዳ ጋር ይኖራሉ። ሦስት ሰው ብቻ ናቸው፤ የውሃ ቢላቸው ግን በየወሩ ያስደነግጣል። «ይቺ ልጅ ውሃውን ወዴት ነው የምትደፋው?» እያሉ ግንቡን አልፎ እስኪሰማ ድረስ ረውዳን ስድስት ዓመት ወቀሷት። በመጨረሻም «ዒዱ ይለፍና ወደ እናቷ ቤት ትመለስ» ብለው ቆረጡ።

በዚያው ሰሞን ሐጂ ኑርዬ ልጃቸውን ሊድሩ ቤተሰቡን በሙሉ ይዘው ገጠር ወረዱ። በራቸው አንድ ወር ተቆልፎ ከረመ። ሲመለሱ ቢሉ መጣ፤ እንደ ወትሮው ነው፣ አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም። ሐጂ ሁለቱ ቆጣሪዎች ጎን ለጎን ወደተተከሉበት ግንብ ሄደው የበኩር ልጃቸውን «የግቢውን ቧንቧ ክፈት» አሉት። የእሳቸው ቆጣሪ ዝም አለ። የሚሽከረከረው የወይዘሮ ሸምሲያ ነበር።

ልጃቸው «አባባ፣ ቆጣሪዎቹን ያደባለቀው ቧንቧ ሠራተኛው ነው፤ እኛ ምን አጠፋን? ደግሞ ማንም አላወቀም» አለ።

«አላህ ያውቃል። ዛሬ ደግሞ እኔም አወቅኩ።»

ቆጣሪዎቹ እንዲስተካከሉ አመልክተው፣ የስድስት ዓመቱን የቢል ልዩነት በብር ይዘው ጎረቤት ገቡ። ወይዘሮ ሸምሲያ ነገሩን ሰምተው፣ ብሩን ተቀብለው፣ መርቀው ሊሸኟቸው ሲሉ ሐጂ ንቅንቅ አላሉም። «ረውዳን ጥሩልኝ» አሉ። እሷ ስትገባ እኚያ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሡላት።

«ልጄ፣ የተወቀስሽበትን ውሃ የጨረስነው እኛ ነን። እኔ መስጊድ ውስጥ የተመካሁበት ቁጠባም ያንቺ ነበር። አውፍ በይኝ።»

ረውዳ እንባዋ ቀደማት። «አውፍ ብያለሁ፣ አባቴ» አለች። የዚያን ዕለት ምሳ ሲቀርብ ማስታጠቢያውን ያነሡት አማቷ ነበሩ። እጇን የታጠበችው ረውዳ ናት። ወደ እናቷ ቤት መሄድም ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

በጁምዓው ሐጂ ነገሩን ሳይደብቁ ለጀመዓው ተናገሩና እንዲህ አሉ፦ «ብሩን ለመመለስ ኪሴ በቃኝ፤ ስሟን ለመመለስ ግን ራሴ መሄድ ነበረብኝ።»

ወገኖቼ፣ የሰው ሐቅ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰው በእኛ ጥፋት ሲወቀስ እያወቅን ዝም ካልን ስሙን በላነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሐጂ ቢል በየወሩ ከብዶ ይመጣ ነበር፤ እሳቸው ግን እየሳቁ ይከፍሉ ነበር አሉ። እኔም በሰው ቁጠባ ከመመስገን በራስ ቢል መደንገጥ እንደሚሻል የተማርኩት ከእሳቸው ነው።