ከጆሮ በላይ የወጣ ዱላ

በእኛ አገር፣ ጉልበተኛ ደካማውን በዛቻ ሲያባንነው ያዩ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት ቃል አለች። መነሻዋን የማያውቅ ሰው ሲሰማት ቀልድ ትመስለዋለች። ታሪኳን የሰማ ግን አይስቅም። እኔም ከሰማሁት ወዲህ ስቄባት አላውቅም።

ነገሩ የሆነው ወንዝ ዳር ባለች ጓዛ በምትባል መንደር ነው። የጓዛ ወንዶች ምክቶሽ ይወዱ ነበር። ምክቶሽ ሁለት ሰዎች ዱላ ለዱላ የሚገጥሙበት ጨዋታ ነው። አንዱ ይሰነዝራል፣ ሌላው ይመክታል፤ ትከሻ ወይም ጭን ቀድሞ ያገኘ ያሸንፋል። ራስ መምታት ነውር ነው። ዓመቱን ሙሉ ከገበያ መልስ ወንዝ ዳር እየተገናኙ በሸንበቆ ይለማመዳሉ። ሸንበቆ ቢያገኝህ እሱ ይሰነጠቃል እንጂ አንተን አይሰብርህም። ቃና ዘገሊላ ሲደርስ ግን ሸንበቆው ይጣልና ወይራ ይወጣል፤ ታቦት ከገባ በኋላ ሕዝብ እያየ ሜዳ ላይ የሚገጠመው በወይራ ነው።

የሚያስተምሯቸው አያ ቸኮል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ጠቋሚ ጣታቸው በወይራ ተሰብሮ ተጣሞ ድኗል፤ አንዱን ተማሪ «አንተ!» ብለው ሲጠሩ ጣታቸው ወደ ሌላው ስለሚያመለክት ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይነሳ ነበር። ሁሉም ይስቃል። ከሁሉም ተለይቶ የማይስቀው አንለይ ነበር። እሱ ያችን ጣት ባየ ቁጥር የራሱን ጣቶች ጋቢው ውስጥ ይደብቃል።

አንለይ ሸማኔ ነው። የሸማኔ ጣት ከተሰበረ የተበጠሰ ድር የሚቀጥልለት የለም፤ ሚስቱ የውብዳርና ገና ጡት ያልጣለች ልጃቸው የሚያድሩት በእነዚያ ጣቶች ነው። ስለዚህ በሸንበቆ ከሁሉም ጋር ይጫወታል እንጂ ወይራ ይዞ ሜዳ ወጥቶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ መወርወሪያ ሲያመላልስ የሚውል እጅ ግን ፈጣን ነው። ሌላው ቀርቶ የደምለው ሸንበቆ እንኳ ትከሻውን ነክቶት አያውቅም ነበር።

ደምለው የጓዛ አንደኛ ነው። ከብት ነጋዴ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ሳቁ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሰው። ሜዳ ላይ አንድ የታወቀ ስልት ነበረው። ዱላ ሲሰነዘርበት አይመክትም፤ ወገቡን ብቻ ለቀቅ አድርጎ ወደ ኋላ ይለጠጣል። የዱላው ጫፍ እንደ ዝንብ አፍንጫው ሥር ሽው ብሎ ያልፋል። ሕዝቡ «እሰይ!» ብሎ ሳይጨርስ የደምለው ዱላ የሰውየው ጭን ላይ ነው። ይህን ለማድረግ የባላጋራን ዱላ ርዝመት ልክ እንደ ራስ እጅ ማወቅ ያስፈልጋል። ደምለው የሁሉንም ያውቅ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ አብረውት የሚለማመዱ ናቸውና።

በታኅሣሥ አንድ የገበያ ቀን ጠላ ቤት ውስጥ አንዱ የሞቀው ሰው እንዲህ አለ፦

«ደምለው፣ ሁሉን አንበረከክህ። ይህን ሸማኔ ግን ስትነካው አላየንም።»

«በሸንበቆ ማን ይነካካል?» አለ ደምለው።

«እሱስ ሞክረሃል። ማግኘት አቃተህ እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ደምለውም ሳቀ፤ ግን ቀድሞ ሳቁን ያቆመው እሱ ነበር። ብድግ ብሎ፣ ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠው አንለይ ዞረ።

«አንለይ! ቃና ዘገሊላ ሜዳ ላይ እጠብቅሃለሁ።»

በጓዛ ልማድ ስሙ በሰው ፊት ተጠርቶ ሜዳ ያልወጣ ሰው ዳግመኛ ወንዝ ዳር አይወርድም። ያ ወንዝ ዳር ደግሞ ሸማኔ ከባለ ርስት እኩል የሚቆምበት ብቸኛ ቦታ ነበር። አንለይ የጠላውን ዋንጫ አስቀመጠ። «እመጣለሁ» ማለቱን ያወቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ደምለው ያንን ምክት ያውቀዋል። በወይራም ቢሆን ያንን እጅ ማለፍ እንደሚከብደው ያውቃል። ስለዚህ እጁን ሳይሆን ልቡን አስቀድሞ ለመስበር አሰበ። በማግስቱ ጧት ከብት እየነዳ በሸማኔው ደጅ ሲያልፍ መቃኑን በዱላው ጫፍ መታው። ቋ፣ ቋ።

«አንለይ! ጣቶችህ እንዴት አደሩ?»

ሌላም ቃል አልተናገረም። በማግስቱም እንዲሁ፤ ከዚያም ወዲያ። ከብት በማይነዳበት ቀን እንኳ ብቻውን ይመጣና ቋ፣ ቋ ያደርጋል። በገበያ ደግሞ ወሬ ለቀቀ። ወይራውን በቅቤ አሽቶ ከምድጃ በላይ ሰቅሎታል፤ ጢስ ጠጥቶ እንደ ብረት ሆኗል፤ ትከሻም ጭንም አልፈልግም ብሏል አሉ፤ ከአውራ ጣት ጀምሬ በተራ ነው የምሰብረው ብሏል አሉ።

አንለይ ሥራ አልያዝልህ አለው። ድሩ ያለ ወትሮው ይበጠሳል። መወርወሪያው ከእጁ አምልጦ ከእግሩ ሥር ካለው የሸማኔ ጉድጓድ ይወድቃል። የውብዳር የተጠቀለለውን ኩታ ዘርግታ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ይህ ጥለት የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ።»

«አንተ ጥለት ሲዛነፍብህ ዛሬ ማየቴ ነው። ተው፣ ይቅርብህ ይህ ነገር።»

«ብቀር እኮ ሸማኔ ይሉኛል።»

«ታዲያ ምንድን ነህ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አብረው ይስቁ ነበር። ያን ጊዜ ግን መቃኑ ቋ፣ ቋ አለ። «ጣቶችህ እንዴት ዋሉ?» ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። የውብዳር አፏን በጡቷ ዘጋችው፤ የበሬ ሰኮና እስኪርቅ ድረስ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ።

አንለይ ምክር ፍለጋ አያ ቸኮል ዘንድ ሄደ።

«አያ፣ ደምለው ጣቴን ሊሰብር ነው።»

«በሸንበቆ አግኝቶህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ በወይራ በምን ያገኝሃል? እጁ ያው እጁ ነው፣ እጅህም ያው እጅህ ነው። ዝም ብለህ መክት።»

ሽማግሌው ይህን ሲሉ እጃቸውን አነሡ። አንለይ ያየው ግን የተጣመመችውን ጣት ብቻ ነበር።

የበዓሉ ዋዜማ ቢላዋውን ይዞ ወደ ወይራው ወረደ። በጓዛ ሕግ የምክቶሽ ዱላ፣ ሸንበቆም ሆነ ወይራ፣ ከባለቤቱ ጆሮ አያልፍም። ገጣሚዎቹ ሜዳ ላይ ሲገናኙ እያንዳንዱ የባላጋራውን ዱላ ተቀብሎ፣ ባለቤቱ ጆሮ አጠገብ አቁሞ ይለካል፤ አልፎ የተገኘ ዱላ ይሰበራል፣ ባለቤቱም ሳይጫወት ይባረራል። አንለይ ቀጥ ያለ በትር መርጦ ጆሮው አጠገብ አቆመና ቢላዋውን በልኩ አሳረፈ። ሊቆርጥ ሲል የደምለው ትከሻ ታየው። ቢላዋውን ጥቂት ከፍ አደረገ። ያ ትከሻ አንድ እርምጃ ሲጠጋ ታየው፤ እንደገና ከፍ አደረገ። ከጆሮው ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ቆረጠው። ያን ያህል እንኳ ይራቀኝ ብሎ ነው። ሌላ አሳብ አልነበረውም።

ቃና ዘገሊላ ታቦት ገባ፤ ሕዝቡ ሜዳውን ከበበ። ዳኛው እንደ ልማዱ አያ ቸኮል ናቸው። አንለይ ወደ መሐል የወጣው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ጋቢውን ደርቦበት ነው። አያ ቸኮል «ዱላ ተለካኩ!» ሲሉ ግን ደረቱ ላይ የተጫነው ድንጋይ የተነሣለት መሰለው። አሁን ይለኩታል። ያልፋል። ይሰብሩታል። «ሌባ» ብለው እየሰደቡ ያባርሩታል፤ እሱም አሥር ጣቱን ይዞ ቤቱ ይገባል። ጋቢውን ጥሎ፣ ዱላውን በሁለት እጁ ወደ ደምለው ዘረጋለት። ልመና ይመስል ነበር።

ደምለው የራሱን ዱላ ሰጥቶ አስለካ። የእሱ ልክ ነበር። የአንለይን ግን አልተቀበለም።

«የሸማኔ ዱላ ምን ይለካል? መወርወሪያውን ነው ይዞ የመጣው!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

«ለካ፣ ደምለው» አሉ አያ ቸኮል። «ልማድ ነው።»

«አያ፣ የፈሪ ዱላ ቢረዝም ቢያጥር ምን ያመጣል? ይልቅ ጣቶቹን ቁጠሩልኝ፤ ኋላ ጎደለ እንዳይል!»

መለካት የባላጋራ መብት ነው፤ አልለካም ያለውን ሰው ዳኛ አያስገድደውም። አያ ቸኮል ከመሐል ወጡ። አንለይ እጁ እንደ ተዘረጋ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ደምለው ወይራውን ሲያነሣ አየና የሱንም አነሣ።

ደምለው ሰነዘረ፤ አንለይ መከተ። ዳግም ሰነዘረ፤ አሁንም ወይራው ወይራ ላይ አረፈ። የሸማኔው ፊት ዐመድ መስሏል፣ ዓይኑ ፈጥጧል፣ እጆቹ ግን የሚያውቁትን ይሠሩ ነበር። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። «ኧረ ይህ ሰውዬ!» አለ አንድ ድምፅ። ደምለው ሰማ። ሕዝቡን ወደ ራሱ መመለስ ፈለገ፤ ሕዝቡን የሚመልስበት ስልት ደግሞ አንድ ነው። ዱላውን ዝቅ አድርጎ ደረቱን ገልጦ ሰጠው።

«ና እንጂ! ወይስ ጣቶችህ ደከሙ?»

ያቺን ቃል ሲሰማ አንለይ ጮኸ። ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ትከሻው ሰነዘረ። ደምለው ፈገግ እንዳለ ወገቡን ለቀቀና ተለጠጠ፤ ዓመቱን ሙሉ ወንዝ ዳር እንደሚለጠጠው፣ ልክ በዚያው መጠን። በዚያ መጠን የሸንበቆው ጫፍ ሁልጊዜ ያልፍ ነበር። ወይራው አላለፈም። የተረፈችው ስንዝር ዓይኑን አገኘችው።

«እሰይ!» ሊል የተከፈተው አፍ ሁሉ እንደ ተከፈተ ቀረ። ደምለው ተንበረከከ፣ ከዚያ ወደቀ። በጣቶቹ መሐል ደም ይፈስሳል። አንለይ ግን ዱላውን አላወረደም። በወደቀው ሰው ዙሪያ እየዞረ፣ ዱላውን ከፍ አድርጎ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይለምን ነበር።

«አትነሣ! አትነሣብኝ፣ በማርያም! አትነሣብኝ!»

የደምለው ታናሽ ወንድም አላምረው ጠመንጃውን እንዳነገተ ሕዝቡን ጥሶ ገባ። ከኋላው አያ ቸኮል ደርሰው የአንለይን ዱላ ከእጁ ፈልቅቀው ወሰዱ። ጆሮው አጠገብ አቆሙት። ከጆሮው አልፎ፣ ከራስ ቅሉም ብቅ ብሎ ታየ። አላምረው አየ፤ ሕዝቡም አየ።

«ሌባ! ዱላ አስረዝሞ ነው ወንድሜን ያሳወረው!» አለና ጠመንጃውን አቀባበለ። ሴቶች ጮኹ። የውብዳር ልጇን ለጎረቤት ወርውራ ስትሮጥ ሰዎች ያዟት። አንለይ አልሸሸም። ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ቆመ። አፈሙዝ ደረቱ ላይ ተደግኖ እንኳ የሚሸሽገው ጣቶቹን ነበር።

አያ ቸኮል በመሐላቸው ገቡ።

«ለምን አስረዘምከው?» አሉት ጀርባቸውን ለጠመንጃው ሰጥተው።

«እንዳይደርስብኝ።»

«ማን?»

«እሱ። ጧት ማታ... መቃኔን... ጣቶችህ እንዴት አደሩ እያለ... እንዲለካልኝ ዘርግቼለት ነበር፣ አያ። አይተውኛል። ዘርግቼለት ነበር።»

«አይተንሃል» አሉ ሽማግሌው።

«ይውጡልኝ፣ አያ!» አለ አላምረው። ጣቱ ምላጩ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ከመሬት የደከመ ድምፅ ተሰማ። ደምለው ነው፤ በቀረችው ዓይኑ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«ተው፣ አላምረው። ለካ ብለውኝ እንቢ ያልሁ እኔ ነኝ።»

አላምረው ወንድሙን አየ፣ ሸማኔውን አየ፤ ጠመንጃውን ግን አልመለሰም። «ታዲያ ይህን ዱላ ማን አስረዘመው ልበል?» አለ፤ ድምፁ ሊያለቅስ ነበር። አያ ቸኮል ዞረው አፈሙዙን በተጣመመችው ጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ መሬት ተጫኑትና እንዲህ አሉት፦ «የፈሪን ዱላ የሚያስረዝመው፣ ልጄ፣ አስፈራሪው ነው።»